ብላክ ሆል ኮከብ ሲገነጣጥል ስለሚመጣው ራዲዮ፦ ሱቄ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባህር ዳር ገበያው አካባቢ ራዲዮ፣ ቴፕ፣ ስፒከር፣ አሁን አሁን ደሞ ቻርጀርና ፓወር ባንክ ምናምን የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ግድግዳው ላይ በ2022 የወጣውን የብላክ ሆል ፎቶ (ያ ብርቱካናማ ቀለበት) አሳትሜ ለጥፌዋለሁ፣ እና የገባ ሁሉ "ይሄ ደሞ ምንድነው፣ የምድጃ ፍም ነው?" ይለኛል። ከዛ እኔ "ብላክ ሆል ነው፣ ስበቱ ብርሃን እንኳን ማያስመልጥ ነገር" ብዬ እጀምራለሁ፣ አንዴ ከጀመርኩ ደሞ አላቆምም፣ ራዲዮውን ሊወስድ የመጣ ሰው ሳይወስድ ይመሽበታል። ወሬው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እኔ በጣም የምወዳት ነገር ላይ ነው፣ ኮከብ ብላክ ሆል ተጠግቶ ሲገነጣጠል ስለሚመጣው የራዲዮ ሞገድ። ጥያቄዎቹ ሁሌ አንድ አይነት ስለሆኑ በቃ ጽፌያቸው ልገላገል ብዬ ነው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

ብላክ ሆል ኮከብ ይበላል ሚባለው እውነት ነው ወይስ የዩቲዩብ ወሬ?

እውነት ነው፣ ግን "ይበላል" ሚለው ቃል ትንሽ ያሳስታል። ብላክ ሆል ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ሚወስድ የክረምት ጎርፍ አይደለም። ለሩቅ ነገር እንደማንኛውም ከባድ ነገር ነው፣ ፀሐይን አንስተን በቦታዋ ክብደቱ ከሷ እኩል የሆነ ብላክ ሆል ብናስቀምጥ መሬት በዛው መንገዷ መዞሯን ትቀጥላለች (እኛ በብርድ እናልቃለን እንጂ)። ጣጣው ሲጠጉት ነው። ስበት ከርቀት ጋር ስለሚደክም ወደ ብላክ ሆሉ የዞረው የኮከቡ ፊት ከጀርባው በላይ ይሳባል፣ ፊቱ እየሮጠ ጀርባው ወደኋላ ሲቀር ኮከቡ ይለጠጣል። ጨረቃም ባህር ላይ ምታደርገው ይሄንኑ ነው፣ ጅቡቲ ወይ ምፅዋ የኖረ ሰው ውኃው ሲወጣና ሲወርድ አይቷል፣ ጣና ላይ ማናየው ሐይቁ ለዛ ትንሽ ስለሆነ ነው። ብላክ ሆሉ ጋ ግን ልዩነቱ እጅግ ስለሚበዛ ኮከቡ ራሱን አንድ ላይ ይዞ ያቆየበትን ስበት ያሸንፈዋል።

ፈረንጆቹ ይሄንን መለጠጥ በፓስታ ነው ሚመስሉት፣ እኔ ግን እናቴ ስትፈትል እያየሁ ስላደግኩ ፓስታው አይዋጥልኝም። አመልማሎው ወፍራምና ልል ነው፣ ጫፉ እንዝርቱ ላይ ይያዝና ሲሳብ ይቀጥናል፣ ከዛ እየዞረ ይጠመጠማል። ኮከቡም እንደዛ ነው፣ ረጅም የጋዝ ክር ይሆንና ብላክ ሆሉ ላይ ይጠመጠማል። አንድ ልዩነት አለው፣ የዚህኛው ክር ግማሹ ብቻ ነው ሚጠመጠመው፣ ሌላው ግማሽ በሴኮንድ በሺዎች ኪሎ ሜትር እየበረረ ላይመለስ ይሄዳል።

ስንት ሲጠጋ ነው ሚገነጠለው?

ሒሳቡ ቀላል ነው። የብላክ ሆሉ ክብደት የኮከቡን ስንት እጥፍ እንደሆነ ወስዳችሁ ኪዩብ ሩቱን ታወጣላችሁ፣ በኮከቡ ሬዲየስ ታባዛላችሁ፣ አለቀ። ኮከቡ ፀሐይን የመሰለ፣ ብላክ ሆሉ ደሞ አንድ ሚሊዮን ፀሐይ ሚመዝን ከሆነ ኪዩብ ሩቱ 100 ነው፣ የፀሐይ ሬዲየስ 700,000 ኪ.ሜ. ገደማ ነው፣ ስለዚህ 70 ሚሊዮን ኪ.ሜ.፣ ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን ግማሽ እንኳን አይሞላም። የብላክ ሆሉ የራሱ ድንበር፣ ያ ካለፉት መመለስ የሌለበት፣ 3 ሚሊዮን ኪ.ሜ. ላይ ነው፣ ስለዚህ ኮከቡ ሚበጣጠሰው ገና ውጭ እያለ ነው፣ እኛም ማየት የቻልነው ለዚህ ነው።

አሁን ብላክ ሆሉን 100 ሚሊዮን ፀሐይ አድርጉት። ድንበሩ 300 ሚሊዮን ኪ.ሜ. ደረሰ፣ መገንጠያው ግን በኪዩብ ሩት ስለሚያድግ ገና 325 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ሁለቱ ሊገናኙ ነው። ከዛ በላይ ከከበደ (እሽክርክሪቱ ትንሽ ይቀያይረዋል እንጂ) ኮከቡ ሳይገነጠል ሙሉውን ይገባል፣ ብልጭታም የለ ራዲዮም የለ። አንድ የሰፈር ልጅ "ስለዚህ ትልቁ ጨዋ ነው፣ ሚረብሸው ትንሹ ነው" ብሎኛል፣ ከዚህ የተሻለ አባባል እስካሁን አላገኘሁም።

ከብላክ ሆል ብርሃን እንኳን አያመልጥም ትላለህ፣ ታዲያ ራዲዮው እንዴት አመለጠ?

ከሁሉም በላይ ሚጠየቀው ይሄ ነው፣ ጠያቂው ደሞ ሁሌ "ያዝኩህ" ሚል ፊት አለው። መልሱ፦ አላመለጠም፣ ቀድሞውንም አልገባም። ራዲዮው ሚመጣው ከተበላው አይደለም፣ ካልተበላው ነው። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ምትሄዱ ከሆነ እሱን ያዙ።

እንዲህ ነው ሚሆነው። ከተያዘው ግማሽ ውስጥ ቀድሞ ሚመለሰው ጋዝ (ለአንድ ሚሊዮን ፀሐዩ ብላክ ሆል) አንድ ወር ከምናምን ቆይቶ ይደርሳል፣ እርስ በርሱ እየተላተመ ይግላል፣ እንደ ምጣድ ክብ ሆኖ ይሽከረከራል፣ በብርሃንም በአልትራቫዮሌትም በኤክስሬይም ያበራል። ምግቡ ሲበዛበት ደሞ ሁሉንም አይውጠውም፣ የተወሰነው እንደ ነፋስ በየአቅጣጫው ተገፍቶ ይወጣል፣ አንዳንዴ ደሞ በሁለቱ ዋልታ በኩል ጄት ሚባል ቀጭን ፍላፃ ሆኖ ለብርሃን ፍጥነት ትንሽ በቀረው ፍጥነት ይተኮሳል። ያ የተገፋው ነገር ብላክ ሆሉ አካባቢ ድሮውንም ተኝቶ ከነበረው ስስ ጋዝ ጋር ሲላተም ነው ራዲዮው ሚወለደው።

ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ ጣና ሲገባ ያየ ሰው ይገባዋል፣ ቡናማው ውኃ የሐይቁን እየገፋ፣ ድንበሩ ላይ እየተተራመሰ ሲሰፋ። ነፋሱ እንደዛ ነው። ጄቱ ደሞ እንደዛኛው ወሬ ነው፣ ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀለው ሰንጥቆት ያልፋል እንደሚባለው። የዓባዩን ነገር አሳ አጥማጆቹ ይከራከሩበት፣ ጄቱ ግን እውነትም መጀመሪያ ላይ ሰንጥቆ ነው ሚሄደው፣ ዞሮ ዞሮ ግን ፊቱ ያለው ጋዝ ያደክመዋል፣ ፍጥነቱ እየቀነሰ ወደ ጎን ይሰፋል።

ራዲዮ ካልክ ድምፅ አለው ማለት ነው? መስማት እንችላለን?

የለውም ወንድማለም። ራዲዮ ሞገድ ብርሃን ነው፣ ዓይናችን ማያየው ረጅሙ ብርሃን። ከሱቄ ሬዲዮ ሚወጣው ዘፈን ሞገዱ ላይ ጣቢያው የጫነው ጭነት ነው፣ የተገነጠለው ኮከብ ጋ ጋዜጠኛ የለም፣ ባዶ ሞገድ ነው ሚልከው፣ ሚለካውም ጥንካሬው ነው። ኤፍኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ነው፣ እነዚህን ኮከቦች ሚከታተሉት ሰዎች ግን በብዛት ከዛ አስርና መቶ እጥፍ ከፍ ብለው ነው ሚያዳምጡት፣ ቤታችሁ ዋይፋይ ካለ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ላይ ነው ሚሠራው፣ በዛው ሰፈር ማለት ነው።

እሺ ሞገዱን ማን ይፈጥረዋል? ማሰራጫ የለ፣ አንቴና የለ

ይሄን ስጠየቅ ደስ ይለኛል ምክንያቱም ሥራዬ ነው። የኤፍኤም ጣቢያ ምሰሶ ላይ ምን እየተደረገ ነው? ኤሌክትሮኖች በብረቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ነው፣ የተወዛወዘ ኤሌክትሮን ደሞ ሞገድ ይለቃል፣ በቃ ሙሉ ሚስጥሩ ይሄ ነው። እዛ ጋ ደሞ ግጭቱ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ብርሃን ፍጥነት አጠገብ ያደርሳቸዋል፣ ጋዙ ውስጥ ማግኔቲክ ፊልድ አለ፣ ኤሌክትሮን ደሞ ማግኔት ካገኘ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም፣ እንደ ሐረግ እየተጠማዘዘ ነው ሚሄደው፣ በተጠማዘዘ ቁጥር ሞገድ ይለቃል። ሲንክሮትሮን ጨረር ይሉታል፣ ስሙን ያገኘው ሰማይ ላይ አይደለም፣ በ1947 አሜሪካ ውስጥ ሲንክሮትሮን በሚባል ኤሌክትሮን አሯሯጭ ማሽን ላይ ስለታየ ነው። ስለዚህ አንቴናውም አለ፣ ማሰራጫውም አለ፣ ብረቱ ነው የሌለው።

በተራ ቴሌስኮፕ ከታየ አይበቃም? ራዲዮው ምን ይጨምራል?

ሁለት ነገር ይጨምራል፣ አንደኛውን ቶሎ ልበላችሁና ልለፈው፣ አቧራ። አርፕ 299 ሚባሉ ተጋጭተው እየተዋሃዱ ያሉ ጋላክሲዎች አሉ፣ ወደ 150 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት ሚሄደው ርቀት ነው)። ጥር 2005 ላይ በካናሪ ደሴቶች ያለው የዊልያም ኸርሼል ቴሌስኮፕ አንዱ ውስጥ በኢንፍራሬድ የሚያበራ አዲስ ነገር አየ፣ በተራ ብርሃን ግን ምንም የለም፣ አቧራው ሸፍኖታል። መጀመሪያ የፈነዳ ኮከብ መሰላቸው። በተለያየ አገር ያሉ የራዲዮ ቴሌስኮፖችን እንደ አንድ አድርገው አስር ዓመት ገደማ ሲከታተሉት ነጥቧ ወደ አንድ አቅጣጫ እየረዘመች መጣች፣ በብርሃን ፍጥነት ሩብ ገደማ። ጄት! ማቲላና ፔሬዝ ቶሬስ ሚባሉ ተመራማሪዎች በ2018 ነው ያወጡት። የፈነዳ ኮከብ እንደዛ ወደ አንድ ጎን አይረዝምም። እዛ ያለው ብላክ ሆል 20 ሚሊዮን ፀሐይ ገደማ ነው።

ሁለተኛው ነው የኔ ተወዳጅ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተገፋው ነገር ትንሽና ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ራሱ ያመነጨውን ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ራሱ መልሶ ይውጠዋል፣ ከፍተኛው ብቻ ሾልኮ ይወጣል። እየሰፋ ሲሄድ እየሳሳ ይመጣና ዝቅተኛውም ማለፍ ይጀምራል። ጠዋት ሐይቁ ዳር ቆማችሁ ጉሙ ሲሳሳ አይታችሁ የለ፣ መጀመሪያ ደብረ ማርያም ብቅ ይላል፣ ጉሙ ደህና አድርጎ ሲገፈፍ ነው ክብራን ገብርኤል ሚታየው። ጉሙ ምን ያህል እንደሳሳ ከሚታየው ደሴት ታውቃላችሁ። እዚህም ያው ነው፣ ሞገዱ ከሁሉ ሚደምቅበት ፍሪኩዌንሲ የቱ ነው፣ ምን ያህልስ ይደምቃል፣ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዛችሁ ነገርየው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሰፋና ቢያንስ ስንት ጉልበት እንደያዘ ታሰላላችሁ፣ ከወር በኋላ ደግማችሁ ስትለኩ ደሞ ፍጥነቱ ይወጣል። በመቶ ሚሊዮኖች የብርሃን ዓመት ርቆ ያለ፣ በአንድ ቴሌስኮፕ ብቻ ሲታይ ከነጥብ በላይ ማይሆን ነገር እኮ ነው፣ ከሁለት ቁጥር ስፋቱን! እኔ ይሄን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ብየዳ ላይ የነበረ ካውያ ረስቼ ጠረጴዛዬን አቃጥያለሁ፣ ጠባሳው አሁንም አለ፣ ለመጣ ሰው ሁሉ አሳያለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ መቼ ነው የተገኘው?

ሐሳቡ ቀደም ብሎ ነበር፣ ማርቲን ሪስ ሚባለው እንግሊዛዊ በ1988 የተገነጠለ ኮከብ ምን እንደሚመስል ጽፎ ነበር። ትልቁ ቀን ግን መጋቢት 28 ቀን 2011 ነው (ማርች ማለቴ ነው፣ በኛ መጋቢት 19)። ስዊፍት ሚባለው ሳተላይት አንድ ኃይለኛ የጋማና ኤክስሬይ ብልጭታ ያዘ፣ እንደሌሎቹ ብልጭ ብሎ ይጠፋል ሲባል አልጠፋም፣ ቀናት ቆየ። ራዲዮ ቴሌስኮፖች ዞረው ሲያዩት ራዲዮም አለ፣ ወደ 3.9 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ካለ ጋላክሲ እምብርት። ስዊፍት ጄ1644+57 ይሉታል። ጄቱ ቀጥታ ወደኛ ስለዞረ ነው እንደዛ የደመቀው፣ ባትሪ ፊታችሁ ላይ ሲበራ ማለት ነው። ከ500 ቀን ገደማ በኋላ ኤክስሬዩ ድንገት ወረደ፣ ጄቱ ተዘጋ፣ ራዲዮው ግን ለዓመታት ቀጠለ፣ ለምን ቢባል ቀድሞ የተተኮሰው ነገር አሁንም ጋዙን እየገፋ ነው። ጅራፉ ቆሞ ማሚቶው እንደማለት።

ጄት ያለው ግን ብርቅ ነው፣ ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆን ነው። በ2022 የካቲት ሌላ ተገኘ፣ ኤቲ2022ሲኤምሲ፣ 8.5 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት። ለኔ ግን አሳስን-14ኤልአይ ሚባለው ይበልጥብኛል፣ በ2014 መጨረሻ የተገኘ፣ 290 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት፣ በዚህ መለኪያ ጎረቤት ነው። እሱ ከ1644 በሺህ እጥፍ በላይ የደከመ ራዲዮ ነው የነበረው፣ ትሁት ነገር፣ እና ያሳየን ደሞ ያንን ነው፣ ኃይለኛ ጄት የሌላቸው ተራዎቹም ራዲዮ እንደሚልኩ። ሰው ትልልቁን ብቻ ነው ሚያወራው።

"ከሦስት ዓመት በኋላ አገሳ" ሚባለው ነገርስ?

ኤቲ2018ኤችዋይዜድ ነው። በ2018 በጥቅምት ታየ፣ 665 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት፣ ኮከቡ ተገነጠለ፣ አበራ፣ ደበዘዘ፣ በራዲዮ ሲያዩት ምንም፣ እሺ ተራ ነው ብለው ሁሉም ወደየሥራው ሄደ። በ2021 ሰኔ ላይ ኢቬት ሴንደስ ምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ የቆዩ ኮከብ ገንጣዮችን እንደገና እንያቸው ብለው አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ያለውን ቪኤልኤ ሚባል የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሲያዞሩበት፣ 970 ቀን ገደማ ካለፈው በኋላ፣ ራዲዮው አለ! አለ ብቻ አይደለም እየጨመረ ነው። የተገፋው ነገር እስከ ብርሃን ፍጥነት ግማሽ ሊደርስ እንደሚችል አሰሉ፣ ብዙዎቹ ተራዎች አንድ አስረኛውን አካባቢ ናቸው። በ2022 ሲወጣ የዓለም ሚዲያ በሙሉ "ብላክ ሆል አገሳ፣ ያልበላውን ተፋ" እያለ ጻፈ።

ግሳት የሚለውን እኔ ብዙም አልወደውም። ግሳት ከሆድ ነው ሚወጣው፣ ይሄ ከሆድ አልወጣም፣ አንድ ጊዜ ድንበሩን ያለፈ ነገር አይመለስም። ምን አልባት እንዲህ ብንል፣ ሰፌዱ ላይ የቀረውን ዘግይቶ አራገፈው።

ብቸኛም አይደለም ደሞ። አሳስን-15ኦአይ በ2015 ታየ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሦስት ጊዜ አዳመጡት፣ ዝም። ስድስት ወር ላይ ብቅ አለ። ከዛ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሁለተኛ ብልጭታ፣ አሳፍ ሆሬሽ ከባልደረቦቹ ጋር በ2021 ያወጣው ነው። ሴንደስም በ2024 በወጣ ሥራ 23 የቆዩ ክስተቶችን ሰብስበው ከ500 እስከ 3,200 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ደግመው አዩ፣ ከነዚህ 9ኙ ቀድሞ ዝም ያሉ የነበሩና ዘግይተው የበሩ ናቸው። 40 በመቶ ገደማ! ማለትም ለስንት ዓመት ሰው ሁለት ሦስት ወር አይቶ "ራዲዮ የለውም" ብሎ ያሸገው ፋይል ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ስህተት ነበር። እኔ ደንበኛ "አይሠራም" ያለውን ራዲዮ ወዲያው ማልጥለው ለዚህ ነው (ለዚህ አይደለም፣ ድሮም አልጥልም፣ ሱቄን ያየ ያውቃል)።

ለምንድነው ሚዘገየው?

ሦስት ወሬ አለ። አንደኛው፣ ክሩ ብላክ ሆሉ ዙሪያ ክብ ሰርቶ እስኪረጋጋ ጊዜ ይወስዳል፣ ወይ ደሞ የሚገባው ምግብ ለዓመታት ከበዛ በኋላ ሲቀንስ የአበላሉ ሁኔታ ይቀየራል፣ ያኔ ነው አዲስ ግፊት ሚነሳው። ሁለተኛው፣ ጄቱ ከመጀመሪያውም ነበር ግን ወደኛ አልዞረም፣ ባትሪውን ወደ ጎን እንዳበራ ሰው፣ ሲደክምና ሲሰፋ ነው ብርሃኑ ወደኛ ሚደርሰው። ሦስተኛው፣ የተገፋው ነገር ለጊዜው ባዶ ቦታ ላይ እየበረረ ነበር፣ ሩቅ ያለ የጋዝ ክምር ሲያገኝ ተላተመ። እኔ በመጀመሪያው ላይ ነው ያለሁት፣ ምክንያቱም 15ኦአይ ሁለት ጊዜ መብራቱ ከአንድ ጄት መዞር ጋር አይገጥምልኝም፣ ግን ሁሉም በአንድ ምክንያት ይዘግያል ያለውም ማነው፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዛ ሊሆን ይችላል። በማይገባኝ አልከራከርም እላለሁ እንጂ እከራከራለሁ።

የኛ ጋላክሲስ? እኛን ያሰጋናል?

እትዬ አንዲት ደንበኛዬ በጣም ፈርተው ስለጠየቁኝ ቀስ ብዬ ነው ምመልሰው። የኛ ብላክ ሆል ሳጂታሪየስ ኤ ስታር ነው፣ 4 ሚሊዮን ፀሐይ ገደማ፣ 26,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ። አንድ ጋላክሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከ10,000 እስከ 100,000 ዓመት አንዴ ነው ሚሆነው ተብሎ ይገመታል፣ ቢሆንም ከዛ ርቀት እኛን ሚጎዳ አይደለም። ኤስ2 ሚባል ኮከብ በ16 ዓመት አንዴ ይዞረዋል፣ በ2018 ግንቦት እጅግ በጣም ተጠግቶ ነበር፣ እጅግ ስላችሁ 18 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከመገንጠያው በጣም ሩቅ፣ ምንም ሳይሆን ተመለሰ። ስለዚህ እትዬ ይተኙ።

የት ነው ያለው ለምትሉ፣ ክረምት ላይ ነው ጥሩ ቦታ ሚይዘው ግን ክረምት ደመና ነው፣ የእግዜር ቀልድ። ሚያዝያ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ፣ ወይ መስከረም ላይ መሸት ሲል ውጡ፣ ጀርባችሁን ለሐይቁ ሰጥታችሁ ፊታችሁን ወደ አዴት መንገድ ወደ ደቡብ አዙሩ፣ መስከረም ከሆነ ትንሽ ወደ ምዕራብ ጋደል በሉ፣ ፍኖተ ሐሊብ ከሁሉ ሚወፍርበት ቦታ ነው። መብራት የጠፋ ቀን ይሻላል። ብላክ ሆሉን አታዩትም፣ አቅጣጫውን ነው።

እዚህ አገር ሆኖ መሥራት ይቻላል?

እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፣ ግን እነሱ የብርሃን ናቸው። ለራዲዮ ትልቁ ነገር አፍሪካ ውስጥ ያለው ደቡብ አፍሪካ ካሩ በረሃ ላይ ነው፣ ሚርካት፣ 64 ሳህን፣ እያንዳንዱ 13.5 ሜትር፣ በ2018 ተመረቀ፣ ኤችዋይዜድንም አዳምጧል። ቪኤልኤ ደሞ 25 ሜትር የሆኑ 27 ሳህኖች ናቸው። ለምን በረሃ ከተባለ፣ ሞባይል ነዋ። ሞባይላችሁን ጨረቃ ላይ ብታስቀምጡት ከነዚህ ኮከቦች በሺህ እጥፍ ይደምቅባቸዋል፣ ታዲያ ከጎናቸው ቢደወል አስቡት። ውሂቡን ለመተንተን ግን በረሃ መሄድ አያስፈልግም፣ ከብዙ ቴሌስኮፖች ውሂቡ ጊዜው ሲደርስ ለሁሉም ይከፈታል፣ ኮምፒውተርና ኔትወርክ ነው ሚፈልገው (ኔትወርኩን ተዉኝ)። ፊዚክስ ምትማሩ ልጆች ፓይተን ሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጀምሩ።

በጣቢያዎች መሃል ሚሰማው "ሽሽሽ" ውስጥ ይሄ አለበት?

ከተገነጠለ ኮከብ? የለበትም፣ እጅግ በጣም ደካማ ነው። ከሰማይ ግን አለበት። ካርል ጃንስኪ ሚባል ሰው ነበር፣ አስትሮኖመር አይደለም፣ የስልክ ኩባንያ ኢንጂነር ነው፣ እንደኛው ሽሽታ ሚያሳድድ ሰው። ውቅያኖስ ተሻጋሪ የራዲዮ ስልክ ላይ ሚገባው ጩኸት ከየት ነው ሚመጣው ተብሎ 20.5 ሜጋኸርዝ ላይ ሚሠራ ትልቅ አንቴና በመኪና ጎማ ላይ አስቀምጦ እያዞረ ያዳምጥ ነበር። መብረቁን ለየ፣ የሩቁንም መብረቅ ለየ፣ አንድ ግን ያልገባው ሽሽታ ቀረ፣ በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደመ ሚመጣ። ፀሐይ ብትሆን በ24 ሰዓት ትመለስ ነበር፣ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ የከዋክብት ሰዓት ነው። በ1933 ከፍኖተ ሐሊብ መሃል አቅጣጫ ነው ብሎ አወጣው። ዛሬ የነዚህ ሁሉ ኮከቦች ጥንካሬ ሚለካው በስሙ ነው፣ ጃንስኪ፣ የኛዎቹ ደሞ በብዛት የጃንስኪ አንድ ሺህኛ ወይ ከዛ በታች ናቸው።

መሞከር ለሚፈልግ፣ በኤፍኤም አይሆንም፣ አጭር ሞገድ ያለው አሮጌ ራዲዮ ያዙ፣ 20 ሜጋኸርዝ አካባቢ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጉትና አንቴናውን ንቀሉት መልሱት። ሲመለስ ሽሽታው ከፍ ካለ ያ የጨመረው ከውጭ የመጣ ነው። ከተማ ውስጥ ግን አብዛኛው የጎረቤት ቻርጀርና የኤልኢዲ አምፖል ነው፣ ስለዚህ ከከተማው ራቅ በሉ፣ ዘጌ ዘመድ ያለው ዘጌ ይሂድ፣ ራዲዮውን ከውኃ ጠብቁት እንጂ፣ ባለፈው አንዱ ከታንኳ ላይ ጥሎት አምጥቶልኝ አሁንም ፀሐይ ላይ እያደረቅኩት ነው።